ክዳኑ ሥር የቀረው ወረቀት

ሰፈሩ ሁሉ «ጥድፊያ» እያለ ነው የሚጠራት። ስሙን ያወጣችላት እናቷ ናት፤ ልጅ ሳለች ተቀምጣ በልታ ስለማታውቅ። አድጋ ልብስ ሰፊ ስትሆን «እንግዲህ የስፌት መኪናው ያስቀምጣት ይሆናል» ተብሎ ነበር። እሷ ግን አንዱን እጅጌ ሰፍታ ትነሳለች፣ መስኮት ከፍታ ትዘጋለች፣ ተመልሳ ሌላውን እጅጌ ትሰፋለች።

ካለፈው ወር ወዲህ ደግሞ ባሰባት። የእናቷን የጡት ምርመራ ውጤት ልትቀበል ብቻዋን ስትሄድ ሐኪሙ ካንሰር መሆኑን ነገራት። በጊዜ ስለተደረሰበት በቀዶ ጥገና ይወጣል፣ መድኃኒትም ይከተላል፣ ተስፋ አለው አላት። እሷ ከመጀመሪያው ቃል ወዲያ ያለውን አልሰማችም። ቤት ገብታ ለእናቷ «ትንሽ ቁስለት ነገር ነው አሉ» አለቻት። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል፤ የእሷ ግን እያደር ከበደ። የፊታችን ሰኞ እናቷ በገዛ እጇ ፈርማ ቀዶ ጥገና መግባት አለባት። ሳታውቅ እንዴት ትፈርማለች? ማንስ ደፍሮ ይንገራት?

ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት አንድ ፎቶኮፒ ቤት አለ። ባለቤቱ ወጣት ነው። ታላቅ እህቱን ሲያስታምም ማንን ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አጥቶ ከክፍል ክፍል ሲንከራተት ከርሟል። እህቱ ስትድን ያወቀውን ሁሉ በአንድ ወፍራም ክላሰር ሰበሰበው፤ ሐኪም ምን ይጠየቃል፣ ከሩቅ የመጣ ታማሚ የት ያርፋል፣ ፀጉር ሲረግፍ ምን ይደረጋል፣ አስታማሚዎች በየትኛው ቀን ተሰብስበው ይወያያሉ። ለፈለገ ሰው ገጹን አባዝቶ በነፃ ይሰጣል። ጥያቄውን ጽፎ ለሚያመጣለት ደግሞ ኮፒው ላይ፣ ከእያንዳንዱ ጥያቄ ጎን፣ የሚያውቀውን በእስክሪብቶ ይጽፍለታል።

መጀመሪያ የሄደችው ውጤቱን ልታባዛ ነበር።

«ስንት ኮፒ?»

«አንድ። አይ፣ ሁለት። ቆይ፣ አንድ።»

በርጩማ ሳብ አደረገላት። «አረፍ በይ።»

«አልቀመጥም።»

«በርጩማው ምን በደለሽ?»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። አይዞሽም አታልቅሺም አላላትም፤ የክላሰሩን የመጀመሪያ ገጽ አባዝቶ አጠገቧ አስቀመጠና አልቅሳ እስክትጨርስ ማሽኑን ሲወለውል ቆየ። ማሽኑ ንጹሕ ነበር።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትመጣለች። ምክንያቷ ሁሌም አንድ ገጽ መውሰድ ነው። የዋሸችውንም ነገረችው፤ «እናቴ እንዳትሰማ፣ አደራ» አለችው። አንድ ቀን ስለ አስታማሚ እንቅልፍ የተጻፈውን ገጽ ለሦስተኛ ጊዜ ስትጠይቀው ቀና ብሎ አያት።

«ይሄን እስካሁን በቃልሽ ሳትይዢው አትቀሪም።»

«ጠፍቶብኝ ነው።»

«ሁለቱም?»

«ሁለቱም።»

ዓይን ለዓይን ተያዩ፤ ቀድሞ ዞር ያለ አልነበረም። ደስ አላት፤ እናቷ ታማ ደስ ስላላት ደግሞ ራሷን ስትራገም አመሸች።

ማክሰኞ የእናቷን የሆስፒታል ካርድ ልታባዛ ወሰደችለት። ስሙን አየና እጁ ቆመ። «ማሽኑ ሞቋል፤ ሌላ ቀን አምጪው» ብሎ መለሰላት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ቃል እየቆጠበ፣ ዓይኗን እየሸሸ መጣ። ሰለቸሁት ብላ አሰበች።

ዓርብ ካርዱን ይዛ ተመልሳ ስትገባ ጀርባውን ሰጥቶ ከመደርደሪያ ወረቀት ሲያወርድ ነበር። መጠበቅ የት ታውቃለች፤ የማሽኑን ክዳን ራሷ አነሳችው። ክዳኑ ሥር አንድ ባለ መስመር ወረቀት ተረስቷል። ገልብጣ አየችው። ጡረታ የወጣች መምህርት የሆነችው የእናቷ የእጅ ጽሑፍ ነው። «አንደኛ፦ የሚወጣው እጢው ብቻ ነው ወይስ ጡቴ በሙሉ?» ይላል። እየዘለለች ወረደች። «አምስተኛ፦ ልጄ እኔ የማላውቅ መስሏት እያለቀች ነው። ማወቄን እንዴት አድርጌ ልንገራት?» ከዚያ ወዲያ ማንበብ አልቻለችም።

«ታውቅ ነበር?»

ዞር ብሎ ወረቀቱን በእጇ አየው። «ከማክሰኞ ጀምሮ። እዚህ የሚመጡት መምህርት እናትሽ መሆናቸውን ያወቅኩት ካርዱ ላይ ስማቸውን ሳይ ነው።»

«አራት ቀን ሙሉ!»

«እሳቸው ልጄ እንዳትሰማ፣ አደራ አሉኝ። አንቺም እናቴ እንዳትሰማ፣ አደራ አልሽኝ። የማንኛችሁን አደራ ልብላ?»

«በሁለት ቢላ ስትበላ ከርመህ አሁን ስለ አደራ ታወራለህ» አለችውና ካርዱን ማሽኑ ላይ ጥላ፣ ወረቀቱን ይዛ ወጣች።

እናቷ መስኮት አጠገብ ተቀምጣ ስታነብ ነበር። ወረቀቱን ጭኗ ላይ አስቀመጠችላት። እናቷ መነጽሯን አወለቀች።

«የት ጣልኩት ስል ነበር።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?»

«‹ቁስለት ነው› ብለሽኝ ተቀምጠሽ እራት የበላሽ ዕለት። አንቺ መቼ ተቀምጠሽ በልተሽ ታውቂያለሽ? በነጋታው ሄጄ ሐኪሙን ጠየቅኩት።»

ሁለቱም ሳቁ፤ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ።

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው፣ እማዬ።»

«በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ። እኛ ደግሞ አንዱን በሽታ ለሁለት ደበቅነው።» መነጽሯን መልሳ አድርጋ «ልጁን አስቀይመሽው መጣሽ፣ አይደል?» አለች።

«ከድቶኛል።»

«እኔ ነኝ ያስማልኩት። ‹መቀመጥ የማትወድ አንዲት ልብስ ሰፊ አለች፣ አንድ ገጽ ሦስቴ ትወስዳለች› ይለኛል በሄድኩ ቁጥር። ማን እንደሆነች ከእሱ ቀድሜ አውቄያለሁ።»

ቅዳሜ ሁለት ጊዜ እስከ ፎቶኮፒ ቤቱ ማዕዘን ሄዳ ተመለሰች። አፏ ላይ ያዘጋጀችው ይቅርታ እዚያ ስትደርስ ይጠፋባታል።

ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ ቦርሳዋን ብትገለብጥ ካርዱ የለም። ቀና ስትል ወጣቱ ካርዱን ይዞ ቆሟል። ከኋላው የፎቶኮፒ ቤቱ በር ተዘግቷል።

«አድራሻችን ላዩ ላይ አለ እኮ» አለች እናትየዋ ካርዱን እየተቀበለች። «ቅዳሜ ማምጣት አቅቶህ ነው?»

«ፈርቼ ነው፣ መምህርት።»

እናቷ በዚያ በሚያምር ጽሑፏ ፈረመች፤ ልጇን ግንባሯ ላይ ስማ ወደ ቀዶ ጥገናው ክፍል ገባች። በሩ ተዘጋ።

ጥድፊያ ኮሪደሩን እስከ መጨረሻው ሄደች፣ ተመለሰች፣ ደግሞ ሄደች። እሱ አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። በአሥረኛው ወይም በአሥራ አንደኛው ዙር ላይ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋላት።

«የእናትሽ ጥያቄ ነው። ኮፒው እኔ ጋ ቀርቶ ነበር።»

ከየጥያቄው ጎን የእሱ ጽሑፍ አለ። ከአምስተኛው ጎን «ይህን እኔ አላውቅም፤ እርስዎ ያውቃሉ» ብሏል። ከሥሩ ዓርብ ያላነበበችው አንድ ጥያቄ አለ። «ስድስተኛ፦ እኔ ስገባ ልጄ ብቻዋን ኮሪደር ስትዞር ትውላለች። አብሯት ማን ይቀመጣል?»

ጎኑ ላይ፣ ተደጋግሞ የተጻፈበት በሚመስል ወፍራም ቀለም፣ «እኔ» ይላል።

«መቼ ነው የጻፍከው?»

«ሐሙስ ማታ፣ እሳቸው ጥያቄውን አምጥተው እንደሄዱ። ዓርብ ልሰጣቸው ስል አንቺ ቀደምሽኝ።»

«ዓርብ የተናገርኩህ...»

«እሱን ሌላ ቀን። አሁን አረፍ በይ።»

የተዘጋውን በር አየች፤ እሱን አየች። ተቀመጠች። እጇን ያዛት፤ አላስለቀቀችውም።

ከሦስት ሰዓት በኋላ ነርሷ በሩን ከፍታ «በሰላም ወጥተዋል» አለች። «ቤተሰብ ማነው?»

ሁለቱም እኩል ተነሱ።