ዘገምተኛው ክፍል፣ በዲ ማይነር

ፕሮፌሰር ኦቶካር ብራይትቪዘር ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ከፒያኖው ሥር በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የነሐስ መቅረዝ ከጎኑ ወድቋል። ቪየና በጉጉት የምትጠብቀው አዲሱ ሲምፎኒው ሊቀርብ አምስት ቀን ነበር የቀረው።

ኢንስፔክተር ቬንዘል ሆራቼክ ለሬሳው ብዙ ጊዜ አልሰጠም። አባቱ ሠላሳ ዓመት በኦርኬስትራ ውስጥ ቪዮላ ሲገዘግዝ ያረጀ ሰው ስለነበር፣ ዓይኑ ቶሎ የሄደው ወደ ፒያኖው ነው። የመጫወቻ ቁልፎቹን በሚሸፍነው የተዘጋ ክዳን ላይ ስድስት አዲስ የኖታ ወረቀቶች እንዲደርቁ ተሰጥተዋል። አንዱን በጥፍሩ ሊያነሳ ሲሞክር እምቢ አለው፤ ቀለሙ ሰርጎ ከክዳኑ ጋር አጣብቆታል።

«ማን ነው ያሰጣቸው?» ሲል የቤት ሠራተኛዋን ረዚን ጠየቃት።

«አቶ ፓውከርት ናቸዋ! አሥር ሰዓት ላይ ጽፈው ጨረሱ። ሁሌም እስኪደርቅ እዚያ ላይ ነው የሚያሰጡት። እኔማ እንዳልጠርግ፣ እንዳልነካ፣ እንዳልተነፍስ! ትቻቸው ገበያ ወጣሁ።»

ኤሜሪክ ፓውከርት አርባ ዓመት ያለፈው፣ ለአሥራ ሁለት ዓመት የፕሮፌሰሩን ኖታ ሲገለብጥ የኖረ ረዳት ነው። ጣቶቹ እስከ አንጓቸው ጠቁረዋል።

«አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወጣሁ» አለ። «ግቢው ውስጥ ስደርስ ፕሮፌሰሩ የሲምፎኒውን ሁለተኛ ክፍል በፒያኖ ሲጫወቱ ሰማኋቸው። ከዚያ ማዶ ካፌው ገባሁ፤ አስተናጋጁን ይጠይቁት።»

«እንዴት አድርገው ተጫወቱት?»

«በዲ ማይነር፣ በሐዘኑ ቅኝት ነዋ! ዝግ ብለው። ሬሳ ተሸክሞ ዳገት እንደ መውጣት ነው። ትንሽ ከፈጠነ አለቀለት።»

አስተናጋጁ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ካፌ መግባቱን አጸናለት። እንግዲህ ሟቹ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ በሕይወት ከነበረ፣ ጣጣው የሚተርፈው ለአንድ ሰው ነው፤ አሥራ አንድ ከሩብ ላይ በሩን ሲደበድብ ጎረቤት ላየው ለኦርኬስትራው የመጀመሪያ ቫዮሊን ተጫዋች ለሲጊስሙንድ ታውብ። የሆራቼክ አለቃ ታውብ በማግስቱ እንዲታሰር አዘዋል።

«አንኳኳሁ፣ የሚከፍት ጠፋ፣ ተመለስኩ» አለ ታውብ ላቡን እየጠረገ። «ልጣላቸው ነበር የመጣሁት፤ አልክድም። ሰኞ ልምምድ ላይ ያን የመሰለ ሐዘን ወደ ደስታው ቅኝት፣ ወደ ዲ ሜጀር ቀየሩት፤ ፍጥነቱንም እጥፍ አደረጉት። ‹ሰው እያለቀሰ ወደ ቤቱ አይሄድም› አሉን። ሰባ ሰው አፉን ከፍቶ ቀረ! ግን ሰው በዚህ ይገደላል?»

«ይገደላል ወይ?» ብሎ ሆራቼክ ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ወይዘሮ ሄድቪግ ዞረ።

«ባሌ የጻፈውን ባሌ ቢያፈርሰው ማን ምን አገባው!» አለች ሴትዮዋ በቁጣ።

ሆራቼክ ይህን መልስ ወደደው። በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም ፒያኖው ዙሪያ ሰበሰባቸው።

«አቶ ፓውከርት፣ ፒያኖውን ሰማሁ ብለዋል። ወረቀቶቹ አሥር ሰዓት ላይ እርጥብ ሆነው ተሰጡ፤ ክዳኑ ላይ እንደተጣበቁ ደረቁ። ክዳኑ ተከፍቶ ቢሆን ወይ ይቀደዱ ወይ ይረግፉ ነበር። ከአሥር ሰዓት በኋላ ይህን ፒያኖ የነካ ሰው የለም።»

«ከሌላ ቀን ጋር ተምታቶብኝ ይሆናል።»

«ይሁንልዎ። ታዲያ እዚህ በእጅዎ የተጻፈው ዲ ሜጀር ነው፤ ፈጣን ነው። ይህን ጽፈው እንደጨረሱ ለመዋሸት ሲነሱ፣ ለምን አሮጌውን ሰማሁ አሉ? አዲሱን ቢሉ ውሸትዎ ያምር ነበር።»

ፓውከርት የጠቆሩ ጣቶቹን ወደ ኪሱ ከተተ።

«አፍዎ እምቢ አለዎት። ገልባጭ የታዘዘውን ይገለብጣል እንጂ ለዜማው እንዲህ አይንገበገብም። ወይዘሮ ሄድቪግ እንዳሉት ባልየው የገዛ ድርሰቱን ቢያፈርስ ማንንም አያገባውም። ድርሰቱ ግን የእርሱ አልነበረም።»

«የእኔ ነው» አለ ፓውከርት ቀስ ብሎ። «እናቴን በቀበርኩ ሳምንት ነው የጻፍኩት። ‹በእኔ ስም ይውጣ፣ ያንተን ማን ይሰማልሃል› አሉኝ፤ እሺ አልኩ። ትናንት ግን በገዛ እጄ አስፈረሱኝ። ስድስተኛውን ወረቀት አሰጥቼ ‹እባክዎ፣ ቢያንስ ዝግ ብለው ይምሩት› ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ።»

ፓውከርትን ከወሰዱት በኋላ ታውብ የሆራቼክን እጅ ይዞ ደጋግሞ ሳመው። ከዚያም ወዲያው ከወይዘሮዋ ጋር ስለ እሑድ መመካከር ጀመረ። ሕዝቡ ሐዘን ላይ ስለሆነ አሮጌው፣ ዲ ማይነሩ እንዲሆን ተስማሙ፤ ኦርኬስትራውን ታውብ ይመራል።

«በማን ስም?» አለ ሆራቼክ።

«በባሌ ነዋ! ነፍሰ ገዳይ ፕሮግራም ላይ ይጻፍልኝ ይላሉ?»

ሆራቼክ ታውብን አየው። ከመስቀያ ገመድ ያወጣው ሰው ዓይኑን ወደ መስኮቱ አዞረ።

እሑድ አዳራሹ በሙሉ አለቀሰ። ሰኞ ጠዋት ሆራቼክ እስር ቤት ሄዶ «የእርስዎን ድርሰት ተጫወቱት» ሲለው፣ ፓውከርት ከመቀመጫው ብድግ አለ።

«ዲ ማይነር?»

«ዲ ማይነር።»

«ስንት ደቂቃ ፈጀ?»

«አሥራ አንድ።»

«አሥራ አራት ነበር እኮ መሆን ያለበት» አለ ፓውከርት። ሰው ገድሎ እንባ ያልወጣው ሰው እዚያው ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ስለ ስሙ አልጠየቀም፤ ሆራቼክም አልነገረውም።