በወይራ የታጠነው ሸክላ

ዘይቱና በጨርቅ የተጠቀለለውን ሸክላ ከአልጋው ሥር ስትስብ ቀድሞ ያገኛት ሽታው ነበር። የወይራ ጭስ። የወተት ዕቃ እንጂ የሙዚቃ ሸክላ ወይራ ወይራ አይሸትም።

ደጃፉ ላይ የክፍል ጓደኛዋ አሰፋች ቆማለች። ወሬ ከአሰፋች ቀድሞ አሰላ አይገባም። ዛሬም ይዛ የመጣችው የአስተማሪያቸውን የሚስተር ኮሺን ወሬ ነው። «ትናንት ከአዲስ አበባ ተመልሰዋል» አለች። «ሐሙስ ደግሞ ወደ አገራቸው ወደ ሕንድ ይሄዳሉ። ሐኪሞቹ አልቻሉም አሉ። በቃ፣ መሞቻቸው ነው።»

ዘይቱና ጨርቁን ፈታችው። ጥቁሩ ሸክላ ዙሪያውን ተኮማትሮ፣ ፀሐይ ላይ እንደተረሳ ቆዳ ጠርዙ ወደ ላይ ተቆልምሟል።

«አዮ፣ ይሄን ማን ነካው?» ብላ እናቷን ተጣራች።

እናቷ ፋጡ እጇን እያደራረቀች ከጓዳ ብቅ አለች። ሸክላውን ስታይ ፊቷ ፈካ። «ሻግቶ ነበር እኮ፣ ኢንተላ ኮ» አለች። ልጇን ስታቆላምጥ ወደ ኦሮምኛዋ ነው የምትሄደው። «ነጭ ነጭ ነገር አውጥቶ ነበር። የሰው አደራ እየሸተተ ይመለሳል እንዴ? ጮጮዎቹን ሳጥን እሱንም ከጭሱ ላይ ጋደም አደረግኩትና ቅርጫት ደፋሁበት። ትንሽ ጎበጥ አለብኝ መሰለኝ። ሽታው ግን ለቋል።»

እንግዲህ ምን ይባላል? እዚህ አገር ጮጮ በወይራ ሳይታጠን ወተት አይገባበትም፤ ለእንግዳ የሚቀርብበት ደግሞ ሁለቴ ይታጠናል። ፋጡ ለማክበር ያደረገችው ነው። ዘይቱና ይህን ስለምታውቅ መቆጣት እንኳ አቃታት።

ሚስተር ኮሺ የሒሳብ አስተማሪ ናቸው፤ አሰላ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው። ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በእጅ በሚሞላው ግራማፎናቸው ይህችኑ አንዲት ሸክላ ለተማሪዎች ያሰሙ ነበር። መሣሪያ የሌለው፣ ሰዎች ብቻ የሚዘምሩት የቤተ ክርስቲያን መዝሙር ነው፤ የዛሬ መቶ ዓመት አንድ ጀርመናዊ የደረሰው፣ በላቲን ለሙታን ዕረፍት የሚለምን። መጀመሪያ ቀን አሥራ አምስት ልጅ መጣ። የቄስ ልጅ የሆነችው አሰፋች «ከበሮ የለው፣ ጸናጽል የለው፣ ምኑ ነው መዝሙሩ?» ብላ ዳግመኛ አልተመለሰችም። በሦስተኛው ቅዳሜ የተገኘችው ዘይቱና ብቻ ነበረች። ምን እንደምትሰማ ለቤቷ አልተናገረችም፤ አባቷ ከዲሮ የክርስቲያን ጸሎት መሆኑን ቢሰማ አንድም ቅዳሜ ከቤት አትወጣም ነበር።

መዝሙሩን አንዲት ሴት ብቻዋን ትጀምረዋለች። ድምፅዋ ወፍራም ነው፣ አይቸኩልም። ሌሎቹ ከእሷ በኋላ አንድ በአንድ ይገባሉ። ያንን ድምፅ ስትሰማ ዘይቱና ቃሉ ሳይገባት ሆዷ ይባባል።

«ባለቤቴ ናት» ብለዋት ነበር አንድ ቀን ሚስተር ኮሺ። «ማርያማ ትባላለች። ማድራስ ተማሪዎች ሳለን ነው የተቀዳው። በተቀዳ በሁለተኛው ዓመት ሞተች። ፎቶዋ አለኝ። ድምፅዋ ግን ከዚህ በቀር የትም የለም።» ሐምሌ ላይ ሳላቸው ጠንቶ ወደ ሆስፒታል ሲሄዱ፣ የኪራይ ቤታቸው ጣሪያ ያፈስ ስለነበር ሸክላውን ለዘይቱና ሰጧት። «ለሌላ ሰው አላምነውም» ነበር ያሉት።

አሰፋች ሸክላውን ገልበጥ አድርጋ አየችና ወደ ጓደኛዋ ጆሮ ጠጋ አለች። «ስሚ፣ ቤታችን አፍስሶበት ነው በያቸው። አቦ፣ ዝናብን ማን ይከሳል? እናቴ በእሳት አጠነችው ብትዪ ግን ምን ይላሉ? ባላገር ናት ነው የሚሉት።»

ዘይቱናን ያንገበገባትም ይኸው ነበር። እናቷ ላይ እንዲስቁባት አትፈልግም። በመንገዷ ሁሉ፣ በአንድ እጇ ሸክላውን በሌላው እናቷ ለበሽተኛው በጮጮ የላከችውን ወተት ይዛ፣ ዝናብ ነው፣ ዝናብ ነው እያለች በልቧ አጠናች።

ሚስተር ኮሺ አልጋቸው ላይ ተቀምጠዋል። ኮታቸው የሌላ ሰው እስኪመስል ከስተዋል። ሻንጣቸው በገመድ ታስሯል፤ ያልታሸገው ግራማፎኑ ብቻ ነው።

«ከጠዋት ጀምሮ ሞልቼው እየጠበቅኩሽ ነው» አሉ፤ ከእሷ ጋር በእንግሊዝኛ ነው የሚያወሩት። «ዛሬ አንድ ጊዜ ልስማት። መንገዱን የምችለው አይመስለኝም።»

ይህን ከሰማች በኋላ ዝናቡ ከአፏ አልወጣ አለ። ጨርቁን ፈትታ ሸክላውን ጉልበታቸው ላይ አኖረችው።

«እናቴ አጥናው ነው» አለች። «ሻግቶ ነበር። እኛ ጋ የወተት ዕቃ በወይራ ጭስ ነው የሚጸዳው። ለእንግዳ ሲሆን ሁለቴ እናጥነዋለን። የእርስዎ ስለሆነ ነው ያጠነችው። እኔ ነኝ ጥፋተኛዋ፣ አልነገርኳትም። ምን እንዳለበት ከነገርኳት አባቴ ይሰማል ብዬ ፈርቼ ነው።»

ሚስተር ኮሺ ሸክላውን ግራማፎኑ ላይ አስቀምጠው መርፌውን ጠርዙ ላይ አኖሩት። መርፌው ዘለለ። ደግመው አኖሩት፤ ጫር ብሎ ወደቀ። ወደ መሐል ገፋ ሲያደርጉት ያዘ። መዝሙሩ እየተወላገደ፣ እየወጣ እየወረደ ተሰማ። ወንዶቹም ሴቶቹም ሁሉም ነበሩ፤ የዘማሪዎቹ ማኅበር ሙሉ ነው። ማርያማ ብቻዋን የምትዘምረው መጀመሪያው ግን ጠርዙ ላይ ነበር። ሁሉም ተርፈው እሷ ብቻ የለችም።

ግራማፎኑ ቆመ። «አጀማመሩን ታስታውሺዋለሽ?» አሏት።

ስንት ቅዳሜ ሰምታዋለች። ተኝታም ተነስታም ጆሮዋ ውስጥ ነበር። አፏን ከፍታ ጀመረች።

«አይደለም» አሉ ሚስተር ኮሺ በቀስታ።

ዓይኗን ጨፍና እንደገና ሞከረች። የወጣው የራሷ ቀጭን ድምፅ ነው።

«እንደዚያ አይደለም» አሉና ሳሉ። ሳሉ ቶሎ አልለቀቃቸውም። ከዚያ እሷም ዜማው ከልቧ እንደጠፋ ታወቃት፤ በቦታው የራሷ ስህተት ተተክቷል። «አሁን ሂጂ» አሏት ወደ ግድግዳው ዞረው። አልተቆጡም። ቢቆጡ ይሻላት ነበር።

ወተቱን በኩባያ ቀድታ አጠገባቸው ተወችው። ስትወጣ ዞር ብላ አየች፤ አልነኩትም።

ፋጡ ደጃፍ ላይ ቆማ ትጠብቃት ነበር። ጥፍሮቿ ሥር የጥላሸቱ ጥቁረት ገና አለ። «እህ፣ እንዴት ሆነ? ሽታው መልቀቁን አዩልኝ?» አለች።

ዘይቱና ባዶውን ጮጮ እንደያዘች እናቷን አየቻት። እውነቱን ለአንድ ሰው ተናግራ መጥታለች። ምን እንዳተረፈለትም አይታለች።

«አዩት፣ አዮ» አለች። «ለእናትሽ ምስጋናዬን አድርሺልኝ ብለዋል።»

«እኔ እኮ ብዬሻለሁ» አለች ፋጡ ደስ ብሏት፤ የወይራ ፍልጦቹን ወደ እሷ ገፋችላት።

ዘይቱና ምድጃው አጠገብ ተቀመጠች። ጮጮውን አጥባ፣ ጫፉ የነደደውን ወይራ ወደ ውስጥ ከተተችና፣ ጭሱ እንዳይወጣ አፉን በመዳፏ ከድና ያዘችው።