ቢላዋ የማይሆን ብረት

«ይኼንንስ ማን ነው የሠራው?» አለ መነጽር ያደረገው ሰውዬ፣ ትልቁን የሥጋ መቁረጫ ከመደርደሪያው ብድግ አድርጎ።

ፍንጣሪ ለዚህ ጥያቄ ማሰብ ካቆመች ቆይታለች። ጣቷን ወደ ጓሮው መስኮት ቀሰረች። በመስታወቱ ውስጥ አባቷ የቆዳ ሽርጡን አሸርጦ፣ በቀላ ብረት ላይ መዶሻውን ሲያነሳና ሲጥል ይታያል።

«አባቴ» አለች። «ያውልዎት፣ ይታይዎታል አይደል? ከእሳት እስከ እጀታ ሌላ ሰው እጁን አያስገባበትም።»

ሰውዬው ስልኩን አውጥቶ በመስኮቱ በኩል አባቷን ቀረጸ። ከዚያ ወደ እሷ አዞረና «እስቲ ያልሽውን ድገሚልኝ» አላት። ደገመችለት፤ ፈገግታው እንኳ አልቀረም። ሰውዬው ቢላዋውን አስጠቅልሎ ሲወጣ አጎቷ ከባንኮኒው ጀርባ ሆኖ ጠቀሳት።

«አንቺ እኮ ድንጋይም ብትሸጪ ይገዙሻል!»

ፍንጣሪ ትክክለኛ ስሟ አይደለም። ትንሽ ልጅ ሳለች አንድ ቦታ አልቀመጥ ብላ ስታስቸግር፣ ከቀላ ብረት ላይ እየተፈናጠረ በሚበተነው እሳት አባቷ የሰየማት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ አጎቷ የጓሮውን መስኮት መጋረጃ ሲከፍት እሷ ሱቁ ውስጥ ትቆማለች። ማንም አላስገደዳትም። ከክፍሏ ልጆች መካከል የአባቱን ሥራ በመስኮት አሳይቶ መኩራራት የሚችል የለም። የአንዱ አባት ቢሮ ይገባል፣ የሌላዋም ቢሮ ይገባል፤ እዚያ ውስጥ ምን እንደሚሠሩ ልጆቻቸው እንኳ በቅጡ አያውቁም። የእሷ አባት ግን ቢላዋ ይሠራል። በቃ፣ ይኼን ማብራራት አያስፈልግም።

በሩ ተከፈተና የጓደኛዋ እናት ገቡ። ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ትንሽ ምግብ ቤት አላቸው፤ ራሳቸው ይከትፋሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው ያቀርባሉ። የዚህን ሱቅ ቢላዋ የገዙት በፍንጣሪ ምክንያት ነው። እዚሁ ቆማ ያቺኑ «ከእሳት እስከ እጀታ» ስትነግራቸው፣ ዕድሜ ልካቸውን የያዙትን አሮጌ ቢላዋ ትተው አዲሱን ወሰዱ። አሁን ያንኑ ቢላዋ በጨርቅ ጠቅልለው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡት። አውራ ጣታቸው በፋሻ ታስሯል።

«አትቀየሙኝ» አሉ፣ እንደ ጥፋተኛ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «እምቢ አለኝ። ሽንኩርቱን ይጨፈልቀዋል እንጂ አይቆርጠውም። ጫን ስለው አንሸራተተና ጣቴን አገኘኝ። መቼም አያያዙን አላወቅሁበት ይሆናል።»

አጎቷ ጨርቁን ገልጦ እንኳ አላየም። «በሙቅ ውሃ አጥበውታል?»

«አዎ፤ ቅባቱ እንዲለቅ ብዬ…»

«ይኸው! የእጅ ሥራ እኮ ነው እትዬ። እንደ ፋብሪካ ዕቃ አይደለም። ሙቅ ውሃ አይወድም።»

«አዪ እኔ!» አሉ ሴትዮዋ ግንባራቸውን ይዘው። «የሰው ልፋት አበላሸሁ። ልጄ፣ አባትሽን ይቅርታ በይልኝ።»

ፍንጣሪ ጆሮዋን ተጠራጠረች። እሷ ሳትወለድ አባቷ የሠራው ቢላዋ እስካሁን ቤታቸው አለ። በየቀኑ በሙቅ ውሃ ይታጠባል፣ አንዳንዴም እናቷ ውሃ የተሞላ ድስት ውስጥ ረስታው ያድራል፤ ዛሬም ወረቀት ይሰነጥቃል።

«ግድ የለም እትዬ፣ አባዬ ይስልልዎታል» አለች። «የሚመጣው ቅዳሜ ብቅ ይበሉ።»

አጎቷ አንድ ነገር ሊል አፉን ከፈተ፤ እሷ ግን ቢላዋውን ይዛ ጓሮ ገብታ ነበር።

የጓሮው ሙቀት ይጋረፋል። አባቷ ብረቱን ከእሳቱ ውስጥ በጉጠት ይዞ እየጠበቀ ነው። ባለፈው ዓመት ክርኑን ሲታመም ሐኪሙ መዶሻ እንዳይነካ አስጠንቅቆት ነበር። በኋላ ግን እንደገና ሲቀጠቅጥ ስታየው፣ «ተሻለው» ብላ ለክፍሏ ልጆች በሙሉ አውርታለች።

«አባዬ፣ ይኼ ቢላዋህ ዶልድሟል።»

ተቀበላት። አውራ ጣቱን በስለቱ ላይ ቀስ አድርጎ አሳለፈና መለሰላት። ዓይኗን አላያትም።

«ለአጎትሽ ስጪው።»

«ለምን? የሠራኸው አንተ አይደለህ?»

አባቷ የቀላውን ብረት አውጥቶ መቀጥቀጫው መስፍ ላይ አጋደመው። መዶሻውን ሲያነሳ ፍንጣሪ የብረቱን ጫፍ አየች። ጫፉ ላይ ጠማማ ቁርጥ አለ።

ያንን ቁርጥ ታውቀዋለች፤ የራሷ ነው። አባቷ ሳይታመም በፊት፣ ትምህርት ቤት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ፣ «ብረት መቁረጥ አስተምረኝ» እያለች ነዝንዛው መጋዝ አስይዟት ነበር። ግማሽ ሳትደርስ እጇ ዝሎ ተወችው። አባቷ በሣቅ ፈርሶ፣ «ግድ የለሽም፣ ቢላዋ ሳደርገው ይቃናል» ብሏት ነበር። ያ የዛሬ ዓመት ነው። እንግዲህ ቅዳሜ በመጣ ቁጥር በመስኮቱ ስታሳየው የከረመችው ብረት ይኼው አንዱ ብረት ነው። ይቀላል፣ ይቀጠቀጣል፣ ይቀዘቅዛል፤ ደግሞ ይቀላል። ሳስቷል፣ ጎብጧል፣ ቢላዋ ግን አልሆነም።

«አባዬ፣ ይኼ ብረት መቼ ነው ቢላዋ የሚሆነው?»

የመዶሻው ድምፅ ብቻ መለሰላት።

የእትዬን ቢላዋ ራሷ ልትስለው መሳያ ድንጋይ ፍለጋ ወደ ዕቃ ክፍሉ ሄደች። ሁልጊዜ የሚቆለፈው በር ዛሬ ቁልፉ ላዩ ላይ ነበር። ውስጡ እስከ ጣሪያው በካርቶን ተሞልቷል። ጠረጴዛው ላይ በፕላስቲክ የታሸጉ እጀታ የሌላቸው ቢላዋዎች ተደርድረዋል፤ በእያንዳንዱ ላይ የባሕር ማዶ ፋብሪካ ስምና የአገሩ ስም በትንንሽ ፊደል ተቀርጿል። ከእነሱ ቀጥሎ መፋቂያ ማሽን አለ። ከማሽኑ ወዲህ ያሉት ጽሑፋቸው ተፍቆ ባዷቸውን ናቸው። ከእነዚያም ወዲህ ያሉት ላይ ያቺ የምታውቃት ቅስት፣ የአባቷ ምልክት፣ ታትማለች። አንዱ ደግሞ ሳያልቅ የተተወ ነው፤ የአገሩ ስም ግማሹ ጠፍቶ ግማሹ ይነበባል።

«ምን ትፈልጊያለሽ እዚህ?» አጎቷ በሩ ላይ ቆሟል።

ግማሹ የተፋቀውን ቢላዋ አነሳችው። «ጋሼ፣ ይኼ ምንድን ነው?»

«ቢላዋ ነዋ። ምን መሰለሽ?»

«ፋብሪካ የሠራው ነው! አገሩ ሁሉ ተጽፎበታል!»

«ቀስ በይ፣ ሱቁ ውስጥ ሰው አለ። እጀታውን የምንገጥመው እኛ፣ ምልክቱን የምናትመው እኛ። ታዲያ የእኛ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

«ሰው እየሸወድን ነው ጋሼ!»

ቢቆጣ ይሻላት ነበር፤ እሱ ግን ፈገግ አለ። «እስቲ ረጋ ብለሽ አስቢ። ‹ወንድሜ የሠራው ነው› ስል ሰምተሽኝ ታውቂያለሽ? አንድ ቀን? በሩ ላይ ያለውንም ሰሌዳ አንብቢው፤ ‹እሳት፣ መዶሻ፣ እጅ› ነው የሚለው። ምኑ ነው ውሸቱ? እሳት አለ፣ መዶሻ አለ፣ እጅም አለ። የቀረውን ስትናገሪ የከረምሽው አንቺ ነሽ፣ የኔ እመቤት።»

ፍንጣሪ ያለፉትን ቅዳሜዎች አንድ በአንድ ብታበጥራቸው ያ ቃል ከእሱ አፍ ወጥቶ አላገኘችውም። ደንበኛ «ማን ሠራው?» ሲል አጎቷ ሁልጊዜ ወደ እሷ ያያል፣ ዝም ይላል፣ በኋላ ይጠቅሳታል። ያን ጥቅሻ ስትወደው ነበር። ዓይኑን በጨው አጥቦ እንዲህ ሲያያት ደሟ ፈላ፤ ከሁሉ በላይ ያንገበገባት ግን የተናገረው እውነት መሆኑ ነው።

ሱቁ ተዘግቶ ወደ ቤት ሲሄዱ ከአባቷ ቀድማ ነበር የምትራመደው።

«ታውቅ ነበር» አለችው ዞር ሳትል።

«አውቅ ነበር።»

«እኔ ያን ሁሉ ስቀባጥር በመስኮቱ ትሰማኝ ነበር!»

«አንቺ ስትናገሪ መዶሻውን ጠበቅ አድርጌ እመታ ነበር» አለ አባቷ። «እንዳልሰማ።»

ቆመች። አባቷም ቆመ። ቀኝ እጁን ወደ ሆዱ አስጠግቶ ይዞታል፤ ለካ ሁልጊዜ እንዲህ ነው የሚይዘው።

«ሐኪሙ ተው ሲለኝ ቤት ቁጭ አልኩ። ታስታውሻለሽ፣ ግድግዳ ግድግዳውን ሳይ ስውል። አጎትሽ መጥቶ ‹አንተ እሳቱን ብቻ አንድድ፣ አለፍ አለፍ እያልክም ቀስ ብለህ ምታ› ሲለኝ፣ እውነቴን ነው፣ ደስ አለኝ። የከሰሉ ሽታ ናፍቆኝ ነበር። ምን እየሆነ እንዳለ ሲገባኝ ደግሞ ተነስቼ መሄድ አቃተኝ።»

አሳዘናት፤ ንዴቷ ግን አልበረደም። «እትዬ ጣታቸውን ቆረጡ። ተቆርጠውም ‹አባትሽን ይቅርታ በይልኝ› አሉኝ። አንተን ይቅርታ! እኔን ውሸታም አደረጋችሁኝ አባዬ፣ ሁለታችሁም።»

የቀረውን መንገድ ተራርቀው ሄዱ።

በሳምንቱ መሐል የመነጽራሙ ሰውዬ ቪዲዮ ትምህርት ቤት ደረሰ። ልጆቹ በዕረፍት ሰዓት ስልክ ላይ ተደራርበው «ከእሳት እስከ እጀታ!» እያሉ በእሷው ድምፅ ይጮሃሉ። «አቦ፣ ታዋቂ ሆንሽ እኮ!» ይሏታል። ፍንጣሪ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

ጓደኛዋ ግን አልጮኸችም። «እናቴ እኮ በጣም አፍራለች» አለቻት ብቻዋን አግኝታት። «‹የሰውዬውን ልፋት ገደልኩት› ትላለች። ተቀየመ እንዴ አባትሽ?»

«አልተቀየመም» አለች ፍንጣሪ። ከዚህ በላይ ለመናገር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

ቅዳሜ ሱቁ በሰው ጢም አለ። ቪዲዮውን ያዩ ናቸው። አጎቷ ደስታው ፊቱ ላይ ተጽፏል፤ መጋረጃውን ከወትሮው ቀደም ብሎ ከፍቶታል። ጓሮ መዶሻው ይመታል። ሰዉ ስልኩን ወደ መስኮቱ ሲደግን ፍንጣሪ ባንኮኒው ጥግ ላይ ቆማ አንዲት ቃል ሳትተነፍስ አረፈደች። አጎቷ ሁለቴ በዓይኑ ጠራት፤ እንዳላየች ሆነች።

የጓደኛዋ እናት በሰዉ መሐል ተሹለክልከው ደረሱ። «ተሳለልኝ ልጄ?»

«ተስሏል፣ ተስሏል እትዬ!» አለ አጎቷ ቢላዋውን ባንኮኒው ላይ ገፋ አድርጎ። «ከእንግዲህ በቀዝቃዛ ውሃ ብቻ ነው የሚያጥቡት፣ እሺ?»

«ሙቅ ውሃው አይደለም» አለች ፍንጣሪ።

ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጎላ። ሰዎች ዞር አሉ። ባንኮኒውን ያዘች።

«እትዬ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም። ይኼን ቢላዋ አባቴ አልሠራውም። እዚህም አልተሠራም። ከባሕር ማዶ በካርቶን መጥቶ፣ ስሙን ፍቀን ነው የሸጥንልዎ። ‹አባቴ ነው› ያልኩዎት እኔ ነኝ።»

ጓሮ የመዶሻው ድምፅ ቀጥ አለ።

«ልጅ እኮ ናት፣ ቀልድ ትወዳለች!» ብሎ ሣቀ አጎቷ። አብሮት የሣቀ የለም። ቢላዋ በእጇ የያዘች አንዲት ወጣት ወደ ፍንጣሪ ጠጋ አለች።

«ይኼስ?» አለቻት። «ይኼን ማን ነው የሠራው?»

አጎቷ አፍጥጦ ያያታል። ፍንጣሪ ከብዙ ጊዜ በኋላ ለዚህ ጥያቄ መልስ አሰበች።

«የሠራውን ሰው አላውቀውም» አለች።

ወጣቷ ቢላዋውን ቦታው መልሳ ወጣች። ሌሎችም እየተንሾካሾኩ ተከተሏት። የጓደኛዋ እናት ግን አልተንቀሳቀሱም፤ የታሰረ ጣታቸውን አዩ፣ ቢላዋውን አዩ፣ እሷን አዩ። አላቀፏትም፣ «አይዞሽ» አላሏትም።

«ለልጄ አንቺው ራስሽ ንገሪያት» አሉ። ቢላዋውን ባንኮኒው ላይ ትተውት ሄዱ።

«ደስ አለሽ?» አለ አጎቷ፣ ሱቁ ጭር ሲል። አሁን ፈገግታው የለም። «አባትሽን ከእሳቱ አስነሳሽው! እንዲህ ነው የምትወጂው?»

ይኼኛው ዘልቆ ወጋት። ምንም ሳትመልስለት ጓሮ ገባች።

አባቷ እሳቱ አጠገብ ቆሟል። ያን ጠማማ ብረት፣ ቀልቶ እንደ ብርቱካን የሆነውን፣ በግራ እጁ በጉጠት ይዞ መስፉ ላይ አጋድሞታል። መዶሻውን ግን አልያዘውም። መዶሻው ከብረቱ አጠገብ ተቀምጧል፣ እጀታው ወደ በሩ ዞሯል።

«እየቀዘቀዘ ነው» አላት።

ከመስኮቱ ባሻገር አንድ የቀረ ደንበኛ ስልኩን ደግኖ ቆሟል። ፍንጣሪ ሄዳ መጋረጃውን ዘጋችው። እጅጌዋን ሰብስባ መዶሻውን አነሳች፤ በመስኮት ሲታይ እንዲህ የሚከብድ አይመስልም ነበር። በሁለት እጇ ይዛ ጣለችው። ብረቱን ስታ መስፉን መታችው፤ ንዝረቱ እስከ ትከሻዋ ወጣ።

«እንደገና» አለ አባቷ።