በመርዶ ማለዳ ያልተከፈተው በር

በ፳፻፲፬ ዓመተ ምሕረት፣ ጥቅምት ሊገባደድ ሲቃረብ፣ የአሜሪካዋ ኮሎምበስ ከተማ የመጀመሪያውን አመዳይ ለበሰች። የአገሩ ሰው ክትባቱን ተከትቦ ጭምብሉን ማውለቅ ጀምሯል፤ ከቤክስሊ ሰፈር አለፍ ብሎ ባለች አንዲት ጠባብ ቤት ውስጥ ለተዘጋችው ለወሰንየለሽ አምሃ ግን ወረርሽኙ ገና በዙፋኑ ላይ ነበር።

ወሰንየለሽ የሄሊኮፕተር አብራሪ ናት፤ ሥራዋም መርከብ ሊጠጋቸው በማይችል የደቡብ ባሕር ደሴቶችና በበረዶው አህጉር ጠርዝ ለሚኖሩ ተመራማሪዎች ነዳጅና ስንቅ በመረብ አንጠልጥላ ማድረስ ነው። ያን ዓመት የምትላክባት ደሴት ባለፈው ዓመት መርከብ ቀርቶባታል፤ ሰዎቿም አንዱን ክፍል እያሞቁ ሌላውን እየዘጉ ብርዱን ገፍተዋል። በሽታው እንዳይገባባቸው፣ ወደዚያ የሚሄድ ሁሉ ሁለት ሳምንት ከሰው ተለይቶ እንዲቀመጥ ታዟል፤ ከማንም ጋር ቢቀራረብ መርከቧ ጥላው ትሄዳለች። ሁለተኛው አብራሪ ታሞ ቀርቷል። እሷም ከቀረች ጭነቱን የሚያነሳ አልነበረም።

አባቷ ሻለቃ አምሃ፣ የቀድሞው አየር ኃይል የሄሊኮፕተር መካኒክ፣ ደብረ ዘይት ላይ አልጋ ከያዙ ሰንብተዋል። «ምነው አንዴ ብቅ ብትዪ» ብለዋት ነበር፤ እሷም ከደሴቷ ስመለስ እመጣለሁ አለች። ሞት ቢዘገይ የቀረ ይመስላል።

ልትሄድ በተዘጋጀችበት ማለዳ መጋረጃዋን ስትገልጥ መኪኖች በደጇ ተሰልፈው አየች። ጥሩንባ የነፋ የለም፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከፊት የቆሙት ጋሼ ሩፋኤል ነበሩ፤ የቤተ ክርስቲያኗ ሽማግሌ፣ ከግሮቭፖርት መጋዘን የሌሊት ሥራቸውን ጨርሰው አንጸባራቂ ሰደርያቸውን እንኳ ሳያወልቁ የመጡ። ሐበሻ በዚህ ሰዓት ተሰብስቦ የሚመጣው ለምን እንደሆነ ማን ይስተዋል? ልትከፍትላቸው ወደ በሩ ሮጠች። ነገር ግን እጇ ቀደማትና የበሩን ቁልፍ ጠረቀመችው።

«ወሰን፣ ልጄ፣ ክፈቺልን» አሉ ጋሼ ሩፋኤል። «ትናንት ኮል ብናደርግ አላነሳሽም።»

«አባዬ ነው?» አለች በመስኮቱ።

«እንዲህ ያለ ነገር በመስኮት አይወራም፤ ገብተን እንቀመጥ።»

«አልከፍትም ጋሼ፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኳራንቲን ላይ ነኝ፤ አሁን ይወስዱኛል።»

«ሁላችንም ቫክሲን ወስደናል እኮ!»

«ቢሆንም። እናንተን ካስገባሁ እነሱ ጥለውኝ ይሄዳሉ፤ ደሴቷ ላይ ያሉት ሰዎች ደግሞ ነዳጅ እያለቀባቸው ነው።»

«የማታውቂያቸው ፈረንጆች ከወለደሽ አባት በለጡብሽ?»

ይህ ቃል አንገበገባት። «ማንንም ከማንም አላበለጥኩም!» ብላ ጮኸች። «የሞተን አትርሳ፣ የወደቀን አንሳ ሲባል አልሰሙም? አባዬን መመለስ አልችልም፤ እነሱን ግን እደርስላቸዋለሁ!»

የሞተን ስትል የገዛ ድምፅዋ አስደነገጣት። ሽማግሌው ሊናገሩት ያልደፈሩትን መርዶ እሷው ለራሷ አረዳች። ከመስኮቱ ሥር ወለሉ ላይ ተዘረፈጠች።

ያን ጊዜ የሰፈሩ እናት የሚባሉት እትዬ ስመኝ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና አመዳይ ባረፈበት ሣር ላይ ቁጭ አሉ። «አትከፍትም ካለች አትከፍትም! ለቅሶ ጣራ አይፈልግም» አሉና እሪ አሉ። ሴቶቹ ተከተሏቸው፤ ጎረቤት ፈረንጆችም በየበራፋቸው ወጥተው አፋቸውን ይዘው ቀሩ። መስታወት ከልሏቸው እነሱ በውጭ፣ እሷ በውስጥ ሻለቃ አምሃን አለቀሷቸው።

ረፋዱ ላይ የሚወስዳት መኪና መጣ። ሴቶቹ ራቅ ብለው መንገድ ለቀቁላት፤ ጋሼ ሩፋኤል ግን ፊታቸውን አዞሩባት።

በታኅሣሥ መርከቧ ከደሴቲቱ ገደል ፈንጠር ብላ ቆመች። ወሰንየለሽ የመጀመሪያዎቹን የነዳጅ በርሜሎች አንጠልጥላ እንደተነሳች ነፋሱ በረታ፤ መረቡም ከበታቿ ይወናጨፍ ጀመር። የመርከቧ አዛዥ በሬዲዮ «ወደ ባሕር ልቀቂውና ተመለሺ!» አላት።

«ገና ነው» አለች።

ነፋሱ ጋብ እስኪል ጠብቃ ጭነቱን ከተመራማሪዎቹ ጣቢያ በር ፊት አሳረፈችው። ሰዎቹ እየተደነቃቀፉ ወደ በርሜሎቹ ሲሮጡ አየችና «አባዬ!» ብላ ጮኸች፤ በሞተሩ ጩኸት ውስጥ የሰማት አልነበረም።

በመጋቢት ወደ ኮሎምበስ እንደተመለሰች፣ ገና ጎህ ሲቀድ በሯን ወለል አድርጋ ከፍታ ተቀመጠች። እትዬ ስመኝ ቀድመው መጡ። አርፍደው ጋሼ ሩፋኤል መጡና ከደጃፉ ቆሙ።

«አሁንስ ይገባል?»

«ይግቡ እንጂ» አለች ከመቀመጫዋ ተነሥታ። «ግን ጋሼ፣ ያ ቀን ተመልሶ ቢመጣ አሁንም አልከፍትም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ገቡም። ከዚያም በአፋቸው ታስሮ የከረመውን መርዶ በወጉ ተናገሩ፤ «አባትሽ ሻለቃ አምሃ አርፈዋል፤ ጌታ ያጽናሽ።» እሷም አዲስ እንደሰማች ሆና አለቀሰች።

ታሪክ ከሰው ሥራ የሚያነሳው ከደጁ የታየውን ነው። ያችን ደሴት በዚያ ክረምት ማን እንዳሞቃት የሚያወራ የለም፤ የኮሎምበስ ሐበሻ ግን እስከ ዛሬ ወሰንየለሽን ሲጠራ «በመርዶ ቀን በሯን የቆለፈችው» ይላታል። እሷም ይህ ሲነገር በሰማች ቁጥር ቀና ትልና «አዎ፣ ቆልፌያለሁ» ትላለች።