የጭቃ ሹሙ የድንጋይ ቤት

ጠጋ ጠጋ በሉ። እሳቱን ቆስቁሱት። ጋሼ ምናሴ፣ እባክዎ ይቀመጡ። «መሬት ከተንቀጠቀጠች ወዲህ ሦስት ሌሊት ሜዳ ላይ ሆንን፣ አሁን ጸጥ ብላለች፣ ብርድ ከሚገድለኝ ቤቴ ልግባ» ብለዋል። መብትዎ ነው። ቤትዎ ግን የድንጋይ ነው። ይህችን ብቻ ሰምተው ይግቡ።

ድሮ ነው። ስንት ዓመቱ ነው? አላውቅም፤ የማላውቀውን አልናገርም። በሐይቅ መካከል ስድሳ ቤት ያላት ደሴት ነበረች። በስድሳ ቤት ራሷን «አገር» ብላ ነበር የምትጠራው። በዚያች አገር መሬት ትንቀጠቀጥ ነበር። መጀመሪያ የድንጋይ ቤቶች ሁሉ ፈረሱ። የጭቃዎቹ ተሰነጠቁ እንጂ ሰው አልገደሉም። የተረፉት ምን አደረጉ? ማሉ። «ድንጋይ ከጉልበት በላይ አንክብም» ብለው ማሉ። ልጆቻቸውስ? ረሱ። ካቡ። ፈረሰ። እንደገና ማሉ፣ እንደገና ረሱ። ይህ ሦስት ጊዜ ሆነ። አራት የሚሉም አሉ፤ እኔ የሰማሁት ሦስቱን ነው።

በየጊዜው ሸንጎ ተቀምጦ ጥፋተኛ ፈለገ። አንዴ ሳቋ የሚያስተጋባ ባልቴት ናት ተባለ። አንዴ በታንኳ የመጣ እንግዳ ነው ተባለ። አንዴ ደግሞ ጣሪያ ላይ የወጣች ፍየል ናት ተባለና ተፈረደባት። ድንጋዩን ግን ማንም አልጠረጠረም።

ታዲያ ጓንጉል የሚባል ሰው ጭቃ ሹም ሆነ። ጭቃ ሹም የመንደር ሹም ነው፣ ታውቃላችሁ። ሹመቱን ወደደው፤ ስሙ ግን አቃጠለው። «እስከ መቼ ጭቃ?» አለ። ከአያቱ ቤት ፍርስራሽ ድንጋይ አስለቅሞ ባለ ፎቅ ቤት ካበ።

ሚስቱ አለምሸት፣ «አንተ ሰው፣ አያትህ እኮ የተገኙት ከዚህ ድንጋይ ሥር ነው!» አለችው።

«እሳቸውን የገደለቻቸው ፍየሏ ናት» አላት።

ቤቱ አለቀ፤ ገቡበት። በማግስቱ ጸበል እንዲረጩለት ለቄሱ ነግሮ፣ በመቃብሩ መንገድ ብቻውን ሲመለስ መሸበት። ጨረቃ የለችም። ከኋላው ኮቴ ሰማ። ቆመ፤ ኮቴው ቆመ። ሄደ፤ ኮቴው ሄደ። ከዚያ አቧራ አቧራ ሸተተው። መንገዱ ግን ዝናብ የጠገበ ነበር። አቧራው ከየት መጣ? እስቲ ንገሩኝ። ዞር ሲል ነጭ ጋቢ የለበሰ ሽማግሌ ከጎኑ ይሄዳል። ነጩ ጋቢው አልነበረም፤ አቧራው ነው።

«እንደምን አመሸህ፣ የልጅ ልጄ?»

ጓንጉል አያቱ መሆኑን አወቀ። ለሙት የሚባለውን ያውቃል፤ ያንኑ አለ። «አባባ፣ አፈሩ ይቅለልዎ።»

«አፈሩስ ቀላል ነው» አለ ሽማግሌው። «የከበደኝ ድንጋዩ ነበር። እሱንም አንተ አነሳህልኝ፤ እግዜር ይስጥልኝ። ላንተስ ማን ያነሳልሃል?»

ጓንጉል እየሮጠ ቤቱ ደረሰ። ሚስቱንና ልጆቹን ደጅ አወጣ። ያን ሌሊት መሬት አልተንቀጠቀጠችም። በሁለተኛውም አልተንቀጠቀጠችም። መንደርተኛው «ጭቃ ሹማችን ጭቃ ላይ ተኛ!» እያለ ሳቀበት። በሦስተኛው ሌሊት «በረደኝ» ብሎ ተነሳ። በብርዱ አመካኘ እንጂ ያስገባው ሳቁ ነው። አለምሸት ክንዱን ያዘችው። መነጨቃትና ብቻውን ገባ።

ጎህ ሳይቀድ መሬት ተንቀጠቀጠች። ከስድሳው ቤት የፈረሰው አንድ ነው።

ከዚያ ወዲህ በዚያ መንገድ በጨለማ የሚሄዱት ሁለት ናቸው ይባላል። የበረደው ሰው ካለበትም ይመጣሉ ይባላል፤ ይህንን ግን አላረጋገጥኩም።

ይኸው ነው፣ ጋሼ ምናሴ። አሁን ይግቡ፣ አልከለክልዎም። ብቻ አንድ ነገር ያግዙኝ፤ ተሳስቼ ሊሆን ይችላል። ሲመሽ ስቆጥር አርባ አንድ ነበርን። አሁን ሁለቴ ቆጠርኩ፤ ሁለቴም አርባ ሦስት ሆንን።

እናንተ፣ ከጋሼ ምናሴ ጀርባ የተቀመጣችሁት ሁለታችሁ... እስቲ ጋቢያችሁን አራግፉት!