ዱካው ያለቀበት ቦታ

«ይሄ ጎማ ከገባላት መኪናዋ መሬት አትረግጥም፤ ትንሳፈፋለች» አለ ጎሚስታው፣ ወገቡ ድረስ የሚደርሰውን ጎማ በመዳፉ ጠፍ ጠፍ እያደረገ። አራቱንም በጋሪ ጭኖ እነ ሚጢጤ ግቢ ድረስ አምጥቷቸው ነበር።

«መሪው ሲጠመዘዝ ፓራፋንጎውን አይነካም?» አለች ሚጢጤ።

ጎሚስታው ወንድሟን አየት አደረገና ሳቀ። «ይቺ ልጅ ሥራዬን ልትነጥቀኝ ነው እንዴ? ትንሽ ይነካል፤ በመዶሻ መለስ አደርገዋለሁ። ዛሬ ነድታችሁ ሞክሩት። ካልተመቻችሁ ነገ መጥቼ እወስደዋለሁ።»

ሚጢጤ የሚለው ስም ገና ድክ ድክ ስትል ነው የወጣላት። አሁን ዘጠነኛ ክፍል ገብታ፣ ቁመቷም ወንድሟን ሊያህል ጥቂት ቀርቶት፣ ስሙ ግን ሙጭጭ ብሎባታል።

አባቷ በር ላይ ከተቀመጠበት ወንበር ሳይነሳ ጎማዎቹን ያያል። ዕድሜውን ሙሉ በዚህች ፒክአፕ በነጩ ሜዳ ላይ ውሃ ሲያመላልስ የኖረ ሰው ነው። ነጩ ሜዳ ድሮ ሐይቅ ነበር ይባላል፤ አሁን ዓይን እስኪደክም የተዘረጋ ጨው ነው። ከማዶ ጨው ቆራጮች ካምፕ ሠርተው ሰፍረዋል፤ አክስቷ ለእነሱ ምግብ ታበስላለች። የሚጠጣ ውሃ ግን እዚያ የለም። አባቷ ከመኪናዋ ላይ ወድቆ ዳሌው ከተሰበረ ወዲህ መሪውን የያዘው ወንድሟ ነው። ትምህርት በሌለ ቀን ሚጢጤ አጠገቡ ትቀመጣለች።

ዘንድሮ ዝናቡ ያለ ወትሮው በረታና የሜዳው መሃል ራሰ። ፒክአፗ ደጋግማ ሰመጠች፤ ውሃው ሳይደርስ የሚቀርበት ሳምንት መጣ። በሜዳው ዳርቻ የሚዞር መንገድ አለ፤ እሱ ግን ቀኑን ሙሉ ይፈጃል፣ እዚያው ማደርም ግድ ነው። አክስቷ ኔትወርክ ወዳለበት ጉብታ ወጥታ ስትደውል ድምጿ ሻክሮ ነበር። «ጨዋማውን የጉድጓድ ውሃ እያፈላን ነው የምንጠጣው፤ ምላሳችን ተላጠ እኮ» አለች።

ወንድሟ የሰፊ ጎማ ነገር ያነሳው ያን ቀን ነው። አባቷ እሺም እምቢም አላለም። ዛሬም ጎሚስታው የመጨረሻውን ዳዶ አጥብቆ ሲጨርስ እንዲህ ብቻ አለ፦

«ሞክሩት። ስትመለሱ ሚጢጤ ትነግረኛለች።»

«ለምን እሷ?» አለ ወንድሟ።

«የአንተንማ መልስ አውቀዋለሁ።»

ሜዳው ላይ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ዛፍ የለም፣ ድንጋይ የለም። አባቷ መንገዱን የሚለየው በኪሎ ሜትር ቆጣሪው ነበር፦ ዳር ላይ ከቆመው ዝገታም በርሜል ቆጣሪውን ዜሮ ያደርግና ቀጥ ብሎ ይነዳል፤ አሥራ ስምንት ላይ ወደ ቀኝ ይታጠፋል። ከመታጠፊያው ያለፈውን ስፍራ «ለስላሳው» ይለዋል። ስለ እሱ ብዙ ሲያወራ ግን ተሰምቶ አይታወቅም።

«ለስላሳ ከሆነ ቀዝቀዝ ያለ ይሁንልን» አለ ወንድሟ በርሜሉን ሲያልፉ። ሁሌም የሚላት ቀልድ ናት። ሚጢጤም እንደ ሁልጊዜው ሳቀች።

ጎማው እውነትም አሪፍ ነበር። ድሮ መኪናዋ እያቃሰተች የምታልፋቸውን እርጥብ ቦታዎች አሁን እንደ ዋዛ ተሻገረቻቸው። ከኋላ የተጫኑት የውሃ በርሜሎች እንኳ አልተንገጫገጩም። ወንድሟ ያፏጭ ጀመር። ጭጋጉ መቼ እንደመጣ ሁለቱም ልብ አላሉም። ሰማዩና መሬቱ አንድ ዓይነት ነጭ ሆኑና መጋጠሚያቸው ጠፋ።

ቆጣሪው አሥራ ስድስት ላይ ሲደርስ አንድ ነገር ጎደለ። ሚጢጤ ምን እንደሆነ ቶሎ አልገባትም። ድምፁ ነው። ጨው ከጎማ ስር እንደሚሰባበር ብርጭቆ ይንኮሻኮሻል፤ ያ አሁን የለም። መኪናዋ ምንጣፍ ላይ የምትሄድ ይመስል ጸጥ ብላለች።

«እዚህ ጋ ታጠፍ» አለች።

«ገና አሥራ ስድስት ነው።»

«መሬቱ ተቀይሯል እያልኩህ ነው።»

«አታካብጂ ባክሽ። ጎማው ስለተመቸው ነው።»

ጥቂት እንደሄዱ ከፊታቸው የመኪና ዱካ ታየ፤ ሁለት ሰፋፊ መስመሮች ጎን ለጎን ተያይዘው ወደ ጭጋጉ ይገባሉ። ወንድሟ መሪውን በደስታ መታ አደረገው። «አየሽ? ሰፊ ጎማ ያስገባ ሌላም ሰው አለ። ወደ ካምፑ ነው የሚሄደው።» ዱካውን ያዘና ክላክሱን አንዴ ረዘም አድርጎ ተጫነው።

ከጭጋጉ ውስጥ ክላክስ መለሰለት። ልክ እንደ እሱ፣ አንዴ፣ ረዘም ያለ።

«በቃ ደረስን! የካምፑ ሰዎች ናቸው።»

«ካምፑ መኪና የለውም» አለች ሚጢጤ። «አቁም።»

ወንድሟ አየት አደረጋትና ፍሬን ያዘ። በሩን ከፍታ ወረደች። መሬቱ ከእግሯ ስር እንደ አሮጌ ፍራሽ ረገብ አለ፤ ስትራመድ ፈንጠር ብሎ ያለው የጨው ቅርፊት ሳይቀር አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጎንበስ ብላ ዱካውን ነካችው። አዲስ አልነበረም። ጎድጓዳው ውስጥ ጨው እንደ ደቃቅ ጥርስ በቅሎበታል፤ ማንም ይሁን ማን፣ በዚህ ያለፈው ሰው ካለፈ ቆይቷል።

ከዚያ ቀና አለች። ከመኪናዋ አፍንጫ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ዱካው አልቋል። አልታጠፈም፣ አልተመለሰም። ሁለቱም መስመሮች እኩል ቦታ ላይ ቆመዋል። ከእነሱ ወዲያ ያለው ቅርፊት ማንም ነክቶት የማያውቅ፣ ለስላሳና ንጹሕ ነበር።

ክላክሱ እንደገና ተሰማ። ሚጢጤ ዞር ስትል ወንድሟ ሁለት እጆቹን ከመሪው ላይ አንስቷል። በመስታወቱ በኩል ተያዩ። ድምፁ የመጣው ዱካው ካለቀበት በኩል ነው፤ ዝቅ ካለ ቦታ፣ የታፈነ ድምፅ። ከመኪናዋ ኋላ ደግሞ የራሳቸው ጎማ የሄደበት መስመር ጥቁር ውሃ እያቀረረ ነበር።

«ግቢ» አለ ወንድሟ በሹክሹክታ፣ ሰው እንዳይሰማው የፈራ ይመስል።

የኋላ ማርሽ አስገብቶ በመጡበት መስመር ተመለሰ። ሚጢጤ በሩን ከፍታ በአንድ እጇ ተንጠልጥላ «ትንሽ ወደ ግራ፣ በቃ፣ ቀጥ በል» ትለዋለች። ወደ ፊት ማየት አልፈለገችም። ያን የሚንኮሻኮሽ ድምፅ እስኪሰሙ ድረስ አልቆሙም። ሲሰሙት ወንድሟ መኪናዋን አዙሮ ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ሚጢጤ ቆጣሪውን አፍጥጣ አየችው። «ገባኝ» አለች። «ይሄ እኮ የሚቆጥረው ጎማው ስንቴ እንደዞረ ነው። ጎማው ትልቅ ሲሆን በአንድ ዙር ብዙ ይሄዳል። እሱ አሥራ ስድስት ሲል እኛ መታጠፊያውን አልፈነዋል።»

በርሜሎቹን እንደ ተሞሉ ይዘው ወደ ዳር ወጡ። ዝገታሙ በርሜል ጋ ሲደርሱ መኪናዋን አቆመ።

«ጭጋግ ስለነበር ከዳር ተመለስን እንበለው» አለ። «ያንን ሌላውን ነገር አታንሺ። ከነገርሽው መሪ ዳግመኛ አያስነካኝም። ቆጣሪውን ደግሞ አስልተን እናስተካክለዋለን፤ ቀላል ነው። እሺ፣ እህቴ?»

ሚጢጤ የሚለውን ነገር እሱ ራሱ እንዳላመነበት ከድምፁ አወቀች። ዓይኗን ወደ ቆጣሪው መለሰች።

አባቷ እዚያው ወንበሩ ላይ ነበር። በርሜሎቹን አየ፤ ምንም ሳይጠይቅ ወንድሟ እስኪያወራ ጠበቀ። ወንድሟም አወራ። ጭጋግ ነበር፣ ከዳር ተመለስን፣ ጎማው ግን ምንም አይወጣለትም። አባቷ ሰምቶ ሲጨርስ ወደ ሚጢጤ ዞረ።

«በጭጋግ ሰው ክላክስ ያደርጋል» አለ ቀስ ብሎ። «አላደረጋችሁም?»

በወንድሟ ጣት ላይ ሲሽከረከር የነበረው ቁልፍ ቆመ። ሚጢጤ አየችው፤ እሱ መሬት መሬት ያያል። ብትዋሽ ያመሰግናት ይሆናል። በሚቀጥለው ሳምንት ግን ያለ እሷ ብቻውን ይገባል።

«አደረግን» አለች።

«መለሰላችሁ?»

«ሁለቴ። ሁለተኛውን ጊዜ ግን እኛ አላደረግንም።»

አባቷ ዳሌውን አሸት አሸት አደረገ። «እኔ አንድ ቀን ሰምቼዋለሁ» አለ። «ገና እናንተ ሳትወለዱ። ነፋስ ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ፤ ያን ቀን ግን ቅጠል የሚያነቃንቅ ነፋስ አልነበረም። ሰው ተቸግሮ የሚጠራኝ መስሎኝ ወደ ድምፁ ነዳሁ። ለስላሳው ዳር ላይ ጎማዬ ሰመጠና ቀረሁ፤ እየተራገምኩ ስቆፍር ዋልኩ። ባይሰምጥ ኖሮ እገባ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከንም?» አለ ወንድሟ። ድምፁ የልጅ ድምፅ ሆኖ ነበር።

«ምን ብዬ? ጨው ክላክስ ያደርጋል ልበል?»

ወንድሟ ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «ካምፑስ?» አለ። «በድሮው ጎማ መሃሉን አንሻገርም። እነ አክስቴ ያንን ውሃ እየጠጡ ይክረሙ?»

እውነቱን ነበር። ሚጢጤ የአክስቷን የሻከረ ድምፅ አስታወሰች። ነገ ከክፍሏ ልጆች ጋር ለመረብ ኳስ ግጥሚያ መሄድ ነበረባት፤ ተቀያሪ ሆና ከርማ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመጀመሪያዎቹ ስድስት ገብታለች። አሰልጣኟ የምትለውን ከወዲሁ መስማት ትችላለች። ስልኳን አውጥታ፣ ነገ እንደማትመጣ ጻፈችላትና መልሷን ሳትጠብቅ ኪሷ ከተተችው።

«በድሮው ጎማ በዙሪያው እንሄዳለን» አለች። «ነገ በጠዋት። እዚያው እናድራለን፤ እኔም አብሬህ አለሁ።»

አባቷ ወንበሩን ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርጎ መንገዱን ለቀቀላት።

ሚጢጤ በግድግዳው ተደግፈው ከቆሙት የድሮ ጎማዎች አንዱን እያንከባለለች ወደ ፒክአፗ ወሰደች። ከሰፊው ጎማ ጥርሶች መሃል ነጭ ጭቃ ደርቆ ቀርቷል። በእንጨት ልትፍቀው ጀመረችና ተወችው። የጎማ መፍቻውን ዳዶው ላይ ገጥማ በሙሉ ክብደቷ ተጫነችው። ንቅንቅ አላለም።

ወንድሟ ከደረጃው ተነስቶ መጣ። መፍቻውን ከእጇ አልቀማትም፤ አጠገቧ ቆሞ እሱም ጫን አለው። ዳዶው ሲጥ ብሎ ለቀቀ። ወንድሟ በጣቱ ዞር ዞር አድርጎ አወጣውና መዳፏ ላይ አስቀመጠላት።

«እንዳትጥዪው» አለ፣ ወደ ሁለተኛው እየዞረ።