መስኮት ስር የቆመው መምህር

በእኛ መንደር አንድ ወንድ በአንዲት ሴት መስኮት ስር ቆሞ ካወራት፣ አንዴ ከሆነ መንገደኛ ነው፤ ሁለቴ ከሆነ ጎረቤት ነው፤ ሦስተኛ ቀን ከመጣ ግን እጮኛዋ ነው። ይህን ለመምህር አንሰልሞ የነገረው ሰው አልነበረም። የሊዝበን ልጅ ነው፤ ከየት ይወቀው? እኔ ግን አውቅ ነበር።

ነገሩ የጀመረው በጥር ብርድ ነው። ያኔ መንግሥት ከተለወጠ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር፤ በየመንደሩ ለአዋቂዎች ትምህርት ተከፍቶ እኔም በሠላሳ አንድ ዓመቴ ፊደል መቁጠር ጀምሬያለሁ። ልጄን ግራሳን ክፉ ሳል ያዛትና ከቤት መውጣት አቃተኝ። ባሌ ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ የሚተካኝ ሰው የለም። ከክፍል በቀረሁ በሦስተኛው ቀን መምህሩ ትንሽ ጥቁር ሰሌዳ በብብቱ ይዞ መጣ።

«ወይዘሮ ዴኦሊንዳ፣ እርስዎ ካልመጡ ትምህርቱ ይመጣል» አለኝ።

ባል የሞተባት ሴት ቤት ወንድ አይገባም። መስኮቱን ከፈትኩለት። እሱ ውጭ ቆሞ፣ ጃንጥላውን በአንድ እጁ ሰሌዳውን በሌላው ይዞ ያስጠናኝ ጀመር። ከጀርባዬ ግራሳን ያስላታል፤ አንድ ጆሮዬን ለእሷ፣ አንዱን ለእሱ ሰጥቼ አነባለሁ። ቀና ስል ዓይኑ ሰሌዳው ላይ አይደለም።

በግንቦት ከተማ ሊያሳየን ወደ ሊዝበን ይዞን ሄደ። አሥራ ሁለት ተማሪዎች ነን፤ ከእኔ በስተቀር ሁሉም አያቶች ናቸው። አውቶቡሱ ውስጥ ስገባ ባዶ የቀረው ከመምህሩ ጎን ያለው ወንበር ብቻ ነበር።

«ምን ትገተሪያለሽ? ቦታሽ ነው፣ ተቀመጪ!» አሉኝ የሁላችን ታላቅ እትዬ ፌሊስሚና። ሌሎቹ ተሳሳቁ። መምህሩ ምንም አልገባውም፤ ቦርሳዬን ተቀበለኝና ፈገግ አለ።

መንገዱን ሁሉ ልጄን ሳስብ ሄድኩ። ለእህቴ ትቻት ነው የመጣሁት። ሳሉ ከተመለሰባት ሽሮፑ ስንት ማንኪያ እንደሆነ አምስቴ ነግሬያታለሁ፤ ስድስተኛውን ባልነግራት ቆጨኝ።

ሊዝበን ስንደርስ የሱቅ ጽሑፍ ባየን ቁጥር መንገድ ዘግተን ቆመን በአንድ ድምፅ እናነባለን። «ጫ-ማ መ-ጠ-ገ-ኛ!» ሰዉ ይስቃል። አንድ የትራም ነጂ ደወሉን ቢያንጫርርብን እትዬ ፌሊስሚና ዞር ብለው፣ «ቆይ እንጂ ልጄ! እኔ ስድሳ ስምንት ዓመት ጠብቄ ነው ያነበብኩት፤ አንተ ሁለት ደቂቃ ብትጠብቅ ምናለበት?» አሉት። ነጂው ባርኔጣውን አወለቀላቸው።

ምሳ ወንዙ ዳር ጥብስ ሰርዲን በዳቦ በላን። ወይን ጠጅ ተቀዳ። እትዬ ፌሊስሚና ብርጭቋቸውን አነሱ።

«እና መምህር፣ ሰርጉ ከወይራ ለቀማ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«የማን ሰርግ?» አለ እየሳቀ።

የሳቀው እሱ ብቻ ነበር።

«የማን ሰርግ ይለኛል እንዴ! አራት ወር ሙሉ የሴትዮዋ መስኮት ስር ቆሞ! ምነው፣ ግድግዳው እንዳይወድቅባት ደግፈህላት ነው?»

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቀስ ብሎ ወደ እኔ ዞረ። አንገቴን ደፋሁ። በእኛ መንደር ወንድ መስኮቷ ስር ቆሞ የካዳት ሴት ስሟ አይታደስም፤ የልጇም ስም አብሮ ይነሳል። ይህን እያወቅሁ ነው አራት ወር ዝም ያልኩት። ተነስቼ ጀልባዎቹ ወደሚቆሙበት ሄድኩ።

ተከትሎኝ መጣና ጎኔ ቆመ። ዓይኑን ውሃው ላይ ተክሎ ጠየቀኝ።

«ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ብነግርዎት መምጣትዎን ይተዋሉ ብዬ ፈራሁ። ጥፋቱ የእኔ ነው። ለሴቶቹም እኔው ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ መምህሩ ምንም አላጠፋም እላለሁ።»

አንድ ጀልባ ሰው አራግፎ ሌላ ሰው ጫነ።

«ግራሳ የዳነችው በየካቲት ነው» አለ። «እርስዎም ወደ ክፍል ተመለሱ። እኔ ግን ሐሙስ ሐሙስ መምጣቴን አልተውኩም። ምን ላስተምር ነበር የምመጣው?»

«ያለፈውን ሊያስከልሱኝ መስሎኝ...»

«ሰሌዳውን እንኳ ይዤ አልመጣም ነበር።»

ያኔ ቀና ብዬ አየሁት። ጆሮው ሳይቀር ቀልቷል።

«እኛ ሊዝበኖች የመስኮቱን ወግ አናውቅም፤ ዝም ብለን እንጠይቃለን። ታገቢኛለሽ?»

አንቺ አለኝ። ከባሌ ሞት ወዲህ እንዲህ ባለ ድምፅ አንቺ ያለኝ ሰው አልነበረም።

«ልጅ አለችኝ» አልኩት። «ሳሏን በሰማሁ ቁጥር ከእንቅልፌ እነሳለሁ። ነፋስ ሲነፍስ እጨነቃለሁ፤ ሲያቆምም ምን ሊመጣ ነው ብዬ እጨነቃለሁ። አንድ ነገር አሥር ጊዜ እናገራለሁ።»

«አስተማሪ ነኝ እኮ! አንድ ነገር አሥር ጊዜ መስማት ሥራዬ ነው።»

«እንግዲያስ እሺ» አልኩ። ድምፄ የወጣ አልመሰለኝምና ደግሜ «እሺ» አልኩት።

ከኋላችን እልልታ ተነሳ። አሥራ አንዱም አሮጊቶች ብርጭቋቸውን እንደያዙ ተከትለውን መጥተው ኖሯል።

«ሂዱ፣ ወንዙን ተሻግራችሁ ኑ!» አሉ እትዬ ፌሊስሚና እንባቸውን በመሐረብ እየጠረጉ። «እናንተን እንጠብቃለን። የተረፋችሁን ሰርዲን ግን አንጠብቅላችሁም!»

ተሳፈርን። ትከሻው ትከሻዬን ነክቶ ቆመን፣ ከተማዋ ከነቤቶቿ ወደ ኋላ ስትሸሽ እናያለን። ወንዙ መሃል ስንደርስ ድንገት ክንዱን ጨምድጄ ያዝኩት።

«ምን ሆንሽ?»

«ልጄን! ከተሳፈርን ጀምሮ አላሰብኳትም። አሁን ቢያስላትስ?»

ይስቅብኛል ብዬ ጠበቅሁ። እሱ ግን እንደ እኔው ደነገጠ። ማዶ ስንደርስ ሰዎቹን «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ፣ እጄን እየጎተተ፣ የሚመለሰው ጀልባ ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ሊጠይቅ ከእኔ ቀድሞ ሮጠ።